የጠንካራ ክሮም ለበጣ ምትክ፦ ከገንዳው በፊት ዕቃውን መመርመር

የኤክስካቫተር ክንድ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ከሲሊንደሩ የሚወጣና የሚገባ አብረቅራቂ ዘንግ አለ። የዘንጉ ላይኛ ገጽ ተራ ብረት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፀጉር ዘለላ የሚሳሳ የክሮሚየም ልባጥ ለብሷል። አቧራ፣ ጭቃና ሰበቃ ዘንጉን እንዳይበሉት፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማም ቶሎ እንዳይቀደድ የሚያደርገው ይህ ልባጥ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ እግር፣ የማተሚያ ማሽን ሮለር፣ የፕላስቲክ መቅረጫ ሞልድና የሞተር ፒስተን ቀለበትም ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ብረት ሆኖ የተቀመጠው ክሮሚየም የሚነካውን ሰው አይመርዝም። አደጋው ያለው ልባጡ በሚሠራበት ገንዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚጎዳው ዘንጉን የገዛው ሰው አይደለም፤ ገንዳው አጠገብ ቆሞ የሚውለው ሠራተኛና የፋብሪካው ፍሳሽ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ምትክ ይፈለግ የሚባለውም ለዚህ ነው። ፍለጋው ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ጥያቄ ይጀመራል። «ክሮምን የሚተካው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ ይጠብቃል፣ አንድ መልስ ግን የለም። የድሮው ገንዳ ሁሉንም ዓይነት ዕቃ ሲቀበል ኖሯል፤ ከምትኮቹ አንዱም ያን ሁሉ ብቻውን አይሸፍንም። የሚያዋጣው «በዚህ ዕቃ ላይ ክሮሙ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ መነሣት ነው።

ገንዳው ውስጥ የሚሆነው

ጠንካራ ክሮም የምንለው የጌጡን ክሮም አይደለም። በቧንቧ እጀታና በመኪና ጌጥ ላይ የምናየው ክሮም በኒኬል ላይ የተቀመጠ፣ ውፍረቱ አንድ ማይክሮሜትር እንኳ የማይሞላ ነው (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ ሥራውም ማስዋብ ነው። ጠንካራው ክሮም ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ብረቱ ላይ፣ ከ10 ማይክሮሜትር አንሥቶ እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሜትር ድረስ ይለበጣል። በቪከርስ መለኪያ ጥንካሬው ከ850 እስከ 1000 አካባቢ ይደርሳል። ለግንባታ የሚውል ተራ ብረት 200 እንኳ አይሞላም።

ፈሳሹ የሚዘጋጀው ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ የሚባለውን ጥቁር ቀይ ቅንጣት ውኃ ውስጥ በማሟሟት ነው። በአንድ ሊትር 250 ግራም ያህል ይገባል፤ የሰልፈሪክ አሲዱ መጠን የዚህ አንድ መቶኛ፣ ማለትም 2.5 ግራም ገደማ ነው። ፈሳሹ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። የሚለበጠው ዕቃ ከኔጌቲቩ ጫፍ፣ የእርሳስ ቅይጥ ሰሌዳዎች ደግሞ ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋር ተገናኝተው ብርቱ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮሊን ፊንክና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለንግድ ካበቁት ወዲህ የአሠራሩ መሠረት ብዙም አልተለወጠም።

የችግሩ ሁሉ ሥር አንድ ቁጥር ነው። ገንዳው ውስጥ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ክሮሚየም የሚያስቀምጠው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው ውኃውን እየሰነጠቀ ዕቃው ዘንድ ሃይድሮጂን፣ ሰሌዳዎቹ ዘንድ ኦክስጂን ያወጣል። ያ ጋዝ በሚሊዮን አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል። ለስላሳ መጠጥ ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ አፍንጫ ላይ የሚረጨውን ጤዛ ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚህ ገንዳ የሚነሣው ጤዛ ግን የክሮሚክ አሲድ ጠብታ የተሸከመ ነው። ሰውየው የሚተነፍሰው ያንን ነው። ከሃይድሮጂኑ ከፊሉ ደግሞ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ጠንካራውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ከፍተኛ ጥንካሬ ያላቸው ዕቃዎች ከተለበጡ በኋላ 190 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ለሰዓታት የሚቆዩት ሃይድሮጂኑ እንዲወጣላቸው ነው።

ሁለቱ ክሮሚየሞች

ገንዳው ውስጥ ያለው ስድስት ኤሌክትሮኖቹን ያጣው ክሮሚየም ነው፤ ሄክሳቫለንት ይባላል። ሦስት ብቻ ያጣው ትራይቫለንት ይባላል። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ባለ ስድስቱ በፈሳሽ ውስጥ ክሮሜት ሆኖ ይገኛል፤ ክሮሜት በቅርጹ ሰውነታችን ከሚፈልገው ሰልፌት ጋር ስለሚመሳሰል ሴሎቻችን ሰልፌቱን በሚያስገቡበት መንገድ ያስገቡታል። ከገባ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወደ ባለ ሦስት ይለወጣል፤ የዘር ቁሱን፣ ዲኤንኤን፣ የሚጎዳው በዚህ ሂደት ነው። ከውጭ የመጣ ባለ ሦስት ክሮሚየም ግን የሴሉን ሽፋን እንደ ልብ አልፎ አይገባም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1990 የባለ ስድስት ክሮሚየም ውህዶችን ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ አስገባቸው። ብረት የሆነውንና ባለ ሦስቱን ካንሰር አምጪነታቸው ሊመደብ በማይችለው ሦስተኛው ምድብ ተዋቸው። በክሮም ሠራተኞች ላይ ከሳንባ ካንሰር ሌላ የአፍንጫን መሃል ግድግዳ የሚበሳ ቁስል፣ ቶሎ የማይድን የቆዳ ቁስል፣ አለርጂና አስም ይታያል።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ በ2006 በአየር ላይ የሚፈቀደውን መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ከ52 ወደ 5 ማይክሮግራም አወረደ። ትልቅ እርምጃ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ግን አንድ ሠራተኛ 45 ዓመት ሙሉ በዚያ በ5 ማይክሮግራም ቢሠራ ከ1000 ሠራተኞች ከ10 እስከ 45 የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት በሳንባ ካንሰር ሊሞቱ እንደሚችሉ ገምቷል። የዚያው አገር የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ኒዮሽ የሚመክረው 0.2 ማይክሮግራም ነው። ይህን የማነሣው «ሕጉን አክብረናል» የሚለው መልስ እንደማይበቃ ለማሳየት ነው። ከ1000 ሰው አሥር ሰው ማለት አሥር ቤተሰብ ነው። አየሩን ማጣራት የግድ ነው፤ መርዙን ከነጭራሹ ማስወገድ ግን ከማጣራት ይበልጣል።

ሕጉም ወደዚያው እያመራ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ክሮሚየም ትራይኦክሳይድን ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም፤ በ2025 ደግሞ የኅብረቱ የኬሚካሎች ኤጀንሲ የፈቃዱን ሥርዓት በሰፊ ገደብ የሚተካ ሐሳብ አቅርቧል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2023 ባጸደቀችው ደንብ ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ከጠንካራ ክሮም ለበጣ በ2039 እንዲወጣ ወስናለች፤ ለጌጡ ክሮም የሰጠችው ጊዜ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው።

ከድጡ ወደ ማጡ የተኬደበት ጊዜ

ምትክ ከመምረጥ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ታሪክ አለ። የጤዛውን ችግር ለማቃለል ለበጣ ቤቶች ፈሳሹ ላይ እንደ ሳሙና የሚሠራ ኬሚካል መጨመር ጀመሩ። ኬሚካሉ የፈሳሹን የገጽ ውጥረት ስለሚያላላው አረፋው በኃይል ሳይረጭ ቀስ ብሎ ይፈነዳል። ተራ ሳሙና ግን በክሮሚክ አሲድ ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል። ያንን አሲድ ችሎ የኖረው ካርቦንና ፍሎሪን በጽኑ የተጣመሩበት ፒፎስ የተባለው ውህድ ነበር። ሠራተኛውን ከጤዛው ጠበቀው፤ ነገር ግን አሲዱን ያስቻለው ያ ጽናት ውጭም አልተወውም፣ ወንዝ፣ ዓሣና የሰው ደም ውስጥ ገብቶ ሳይበሰብስ ቀረ። በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት፣ ሳይበሰብሱ የሚቆዩ መርዞችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ ውል፣ ከሚገደቡት ኬሚካሎች ተርታ ገባ፤ አሜሪካም ከመስከረም 2015 ጀምሮ በክሮም ገንዳ እንዳይጨመር ከለከለች። በብዙ ቦታ የተካው ግን ሌላ ፍሎሪን ያለበት ዘመዱ ነው፤ እሱም በተራው ጥያቄ እየተነሣበት ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አማራጭ «ይህስ በበኩሉ ምን ይዞ ይመጣል?» የሚለውን አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከታች የማነሣቸው አማራጮች ሁሉ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዳንዱ ጣጣ በቀላሉ ይያዛል፣ አንዳንዱ አይያዝም።

ገንዳውን ሳይለቁ፦ ባለ ሦስቱ ክሮሚየም

ለለበጣ ባለሙያ ከሁሉም የሚቀርበው አማራጭ ይህ ነው። ዕቃው አሁንም ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ የሚለበጠውም ክሮሚየም ነው፤ ፈሳሹ ግን የተሠራው ከባለ ሦስቱ ጨው ነው። ለጌጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ለጠንካራው ክሮም ለምን ዘገየ?

መልሱ ከውኃ ጋር ባለው ጥብቅ ቁርኝት ላይ ነው። ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ውኃ ውስጥ ሲገባ ስድስት የውኃ ሞለኪውሎች ይከቡታል፤ በቀላሉም አይለቁትም። ኤሌክትሪኩ ወደ ብረትነት ሊመልሰው ቢሞክርም እነሱ ያግዱታል። በዚህ ምክንያት እንደ ፎርሜትና ግላይሲን ያሉ ኦርጋኒክ ውህዶች ይጨመራሉ፤ ከውኃዎቹ የተወሰኑትን ተክተው መንገዱን ያቀሉለታል። ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ለበጣው ከተጀመረ በኋላ ነው። ዕቃው ገጽ ላይ ሃይድሮጂን በወጣ ቁጥር በዚያ ስስ ቦታ ያለው አሲድነት ይቀንሳል፤ ክሮሚየሞቹም እርስ በርስ እየተያያዙ ሰንሰለት ይሠራሉ። ሰንሰለት የሠራ ክሮሚየም አይለበጥም። ለዚህ ነው ድሮ የነበሩት ባለ ሦስት ፈሳሾች ጥቂት ማይክሮሜትር ከለበጡ በኋላ ቀጥ ይሉ የነበረው። ለጌጥ ያ በቂ ነው፣ ለሃይድሮሊክ ዘንግ ግን አይበቃም።

ይህ እንቅፋት አሁን በብዙ መንገድ እየተሰበረ ነው። አንዱ ኤሌክትሪኩን ያለማቋረጥ ከመልቀቅ ይልቅ በአጭር በአጭሩ መልቀቅና አልፎ አልፎ አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፤ በየፋታው ዕቃው አጠገብ ያለው ፈሳሽ ይታደሳል። ፋራዴይ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ዘዴ ላሳየው ውጤት በ2013 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ፕሬዚዳንታዊ ሽልማት አግኝቷል።

ወደዚህ አማራጭ የሚገባ ለበጣ ቤት ሥራው ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። የድሮው ገንዳ ብዙ ቆሻሻ ይችላል፤ ይህኛው ትንሽ ብረት፣ መዳብ ወይም ዚንክ ሲገባበት ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ ማጣሪያና የዘወትር ምርመራ ያስፈልገዋል። የእርሳስ ሰሌዳም አይሆነውም። በእርሳስ ላይ ባለ ሦስቱ ወደ ባለ ስድስት ስለሚለወጥ ሸሽተነው የመጣነውን መርዝ እዚያው ገንዳ ውስጥ እንደገና መሥራት ይሆናል። በእርሳሱ ምትክ በኢሪዲየምና በታንታለም ኦክሳይድ የተሸፈነ ታይታኒየም ይገባል፣ ወይም አኖዱ (ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋር የተገናኘው ሰሌዳ) በሜምብሬን፣ ማለትም በስስ መለያ ሽፋን፣ ከፈሳሹ ይለያል። እግረ መንገዱን እርሳሱና እርሳሱ የሚያመጣው መርዛማ ዝቃጭ ከቤቱ ይወጣሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ጥቅም ነው።

ልባጡ ራሱም ጠባዩ ይለያል። ከኦርጋኒኩ ውህድ የመጣ ካርቦን ስላለበት ሲሞቅ ይበልጥ ይጠነክራል፤ የድሮው ክሮም ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል። በሌላ በኩል የድሮው ክሮም ስንጥቆች በጣም ረቂቅና የተቆራረጡ ሲሆኑ የባለ ሦስቱ ከላይ እስከ ታች ሊደርሱ ይችላሉ፤ በስንጥቁም እርጥበት ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል። መፍትሔው ከሥር ኒኬል መለበጥ ነው፤ ኒኬል ግን አለርጂ የሚያመጣ፣ ውህዶቹም ካንሰር አምጪ ተብለው የተመደቡ ናቸው። የፈሳሹን አሲድነት ለማርጋት የሚጨመረው ቦሪክ አሲድም በአውሮፓ መውለድን ከሚጎዱ ኬሚካሎች ተርታ ነው። ሻጩን «ቦሪክ አሲድ የሌለበት አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ገጹ ውስብስብ ለሆነ ወይም ውስጡ መለበጥ ላለበትና ውፍረት ለሚፈልግ ዕቃ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ይህ መንገድ ነው።

ያለ ገንዳ፦ በነበልባል መርጨት

የአውሮፕላን ማረፊያ እግር የሠሩ መሐንዲሶች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ነዳጅና ኦክስጂን በጠባብ ክፍል ውስጥ ይቃጠሉና በአፈሙዙ በከፍተኛ ፍጥነት ይወጣሉ። እዚያ ነበልባል ውስጥ የሚገባው የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት እየተወረወረ ብረቱ ላይ ይጠፈጠፋል። ስሙ በአጭሩ ኤችቪኦኤፍ ነው። በብዛት የሚረጨው ዱቄት 86 በመቶ ተንግስተን ካርባይድ፣ 10 በመቶ ኮባልትና 4 በመቶ ክሮሚየም ብረት የያዘ ነው። ጥንካሬው ከ1000 እስከ 1200 ቪከርስ ስለሚደርስ ከክሮም ይበልጣል፤ አሲድ ገንዳ ውስጥ ስለማይነከርም በለበጣው ጊዜ ብረቱ ውስጥ የሚሰርግ ሃይድሮጂን የለም። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1990ዎቹ የተጀመረው የክሮም ምትክ ፕሮግራም በማረፊያ እግሮች ላይ ለዓመታት ፈትኖታል፤ እንደ ኤርባስ ኤ380 ባሉ አውሮፕላኖች ላይም ሥራ ላይ ውሏል።

ድክመቱ ግልጽ ነው፦ አፈሙዙ የማያየውን ቦታ አይረጭም። የዘንግ ውጫዊ ገጽ ሲሽከረከር ሁሉም ይደርሰዋል፤ የጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ግን አይደረስም። ከተረጨ በኋላ ደግሞ በአልማዝ ድንጋይ ግራይንድ ካልተደረገ ሸካራ ስለሆነ ጎማውን ይበላዋል። ብዙ የሚተጣጠፍ ዕቃ ላይ ሊላጥ ይችላል። ድምፁም ጆሮ የሚያደነቁር ስለሆነ ሥራው በዝግ ክፍል ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሮቦት ይሠራል።

መርዝስ? ኮባልት ያለበት የተንግስተን ካርባይድ አቧራ ሳንባን ይጎዳል፤ በካንሰር ምርምር ኤጀንሲው ዘንድም በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተመድቧል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየምም በነበልባሉ ሙቀት በጥቂቱ ወደ ባለ ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ልዩነቱ አደጋው በአንድ ዝግ ክፍልና በአንድ ማጣሪያ ውስጥ መታሰሩ ነው፤ ሠራተኛው ውጭ ሆኖ ይሠራል። ለእኔ ይህ ከክፍት ገንዳ ጋር የማይወዳደር መሻሻል ነው፤ ሁኔታው ግን ክፍሉና ማጣሪያው በእርግጥ መኖራቸው ነው።

ሌሎቹ

ኤሌክትሮለስ ኒኬል ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በ1940ዎቹ አብነር ብሬነርና ግሬስ ሪደል በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ የደረሱበት ዘዴ ነው። 90 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ፈሳሽ ውስጥ ኒኬልና ፎስፎረስ በኬሚካላዊ ምላሽ ብቻ ዕቃው ላይ ይቀመጣሉ። ኤሌክትሪክ ስለሌለ ጠርዝ ላይ አይወፍርም፣ ጉድጓድ ውስጥ አይሳሳም፤ በሁሉም ቦታ ውፍረቱ እኩል ነው። እንደወጣ ጥንካሬው 500 እና 600 ቪከርስ አካባቢ ሲሆን በ400 ዲግሪ አንድ ሰዓት ሲሞቅ 900 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለፓምፕና ለቫልቭ ክፍሎች፣ ለሞልድም በጣም ይስማማል። ያለ ዘይት ብርቱ ሰበቃ ባለበት ቦታ ግን ክሮምን አያህልም። ሲገዛ እርሳስና ካድሚየም የሌለበትን መምረጥ ያስፈልጋል፤ የድሮዎቹ ፈሳሾች ሁለቱን ይዘው ነበር። እዚህ ላይ የኒኬሉን አለርጂና የፈሳሹን ዕድሜ አብሮ ማሰብ ግድ ይላል፤ ፈሳሹ ሲያረጅ ተለውጦ በሥርዓት መወገድ አለበት።

ሌዘር ሌላው ነው። በጀርመን አኸን ከተማ የፍራውንሆፈር ሌዘር ተቋም ያሳደገው እጅግ ፈጣን የሌዘር ልባጥ ዱቄቱ ብረቱን ከመንካቱ በፊት አየር ላይ እያለ ያቀልጠዋል። ቀድሞ በደቂቃ አንድ ሁለት ሜትር ይጓዝ የነበረው ሌዘር አሁን በደቂቃ በመቶዎች ሜትር መጓዝ ቻለ፤ ልባጡም ከ25 እስከ 250 ማይክሮሜትር ሊሳሳ ቻለ። ልባጡ ከብረቱ ጋር ቀልጦ ስለሚዋሐድ አይላጥም። ኮባልት የሌለበት፣ ብረትን መሠረት ያደረገ ዱቄትም መጠቀም ይቻላል፤ በመርዝ በኩል ሲታይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለረጅም ክብ ዘንግ እጅግ ተስማሚ ነው። መሣሪያው ውድ መሆኑ ብቻ ነው የሚያዘገየው።

በቫክዩም ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት እንደ ክሮሚየም ናይትራይድ ያሉ ልባጮች ጥንካሬያቸው 2000 ቪከርስ አካባቢ ነው፤ ውፍረታቸው ግን ከጥቂት ማይክሮሜትር አያልፍም። ለፒስተን ቀለበትና ለመቁረጫ ይሆናሉ፤ በሰበቃ ተበልቶ ያለቀ ዕቃ ግን አይሞሉም፣ ከሥራቸው ያለው ብረት ለስላሳ ከሆነም በጫና ይሰነጠቃሉ። ናይትራይዲንግ ደግሞ ልባጥ ሳይጨምር ናይትሮጅንን ብረቱ ውስጥ አስገብቶ ገጹን ያጠነክራል። በጨው ገንዳ የሚሠራው ሳያናይድ ስለሚያነሣ በጋዝ ወይም በፕላዝማ የሚሠራው ይመረጣል።

ወደ ዕቃው ስንመለስ

እንግዲህ ያን የኤክስካቫተር ዘንግ እንውሰድ። አዲስ ዘንግ ነው እንበል፤ ውጫዊ ገጽ ብቻ ነው ያለው፣ ክብ ነው፣ ዘይት አለው፣ ጠላቶቹ ጭረትና ዝገት ናቸው። ፈጣን ሌዘር ወይም የነበልባል ርጭት ይበቃዋል፤ ትንሽ የጋዝ ስፕሪንግ ዘንግ ቢሆን ናይትራይዲንግ ብቻ በቂ ይሆናል። ያው ዘንግ አልቆ ለጥገና ቢመጣ ግን የጎደለውን ግማሽ ሚሊሜትር መሙላት ያስፈልጋል፤ ያኔ ቫክዩምም ናይትራይዲንግም ከሐሳብ ይወጣሉ። የሲሊንደሩ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ርጭቱ ይቀርና ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ወይም ኤሌክትሮለስ ኒኬል ይቀራሉ። አንድ ማሽን ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ሁለት መልስ አላቸው ማለት ነው።

እንዲህ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ክሮም ከመጀመሪያውም የማያስፈልገው ዕቃ ነው። ንድፉ ላይ ከአርባ ዓመት በፊት «ክሮም» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሲለበጥ የኖረ፤ ዛሬ የተሻለ ብረት ወይም የተሻለ ዘይት የሚበቃው። ከምትክ ሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ለበጣ ቤቱ ግን ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ ንድፉን ከያዘው ደንበኛ ጋር መነጋገር አለበት። ደንበኛው የሚጠይቀው ማረጋገጫም አለ፦ የጨው ርጭት የዝገት ፈተና፣ የመፋቅ ፈተና፣ ጠንካራ ብረት ከሆነም የሃይድሮጂን ተሰባሪነት ፈተና። እነዚህን በናሙና ላይ አስቀድሞ ያላደረገ ቤት ዕቃው መስክ ላይ ሲበላሽ ወደ ድሮው ገንዳ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ምትክ እንዲሰማው ማድረግ ከባድ ነው።

ገንዳው ገና ያልተዘጋ እንደሆነ

ሽግግሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ሠራተኛው ግን ዛሬም ይተነፍሳል። የሚንሳፈፉ የፕላስቲክ ኳሶች ወይም ክዳን፣ ከገንዳው ከንፈር ላይ ጤዛውን የሚስብ መምጠጫ፣ ጠብታውን የሚይዝ መረብና ከኋላው ጥሩ ማጣሪያ፣ ፍሎሪን የሌለበት የጤዛ ማስቀነሻ፤ እነዚህ ዛሬ የሚደረጉ ናቸው። ዕቃው ከገንዳው ሲወጣ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቢንጠባጠብና የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ውኃ ወደ ገንዳው ቢመለስ ብዙ መርዝ ወደ ፍሳሹ ሳይሄድ ይቀራል፤ ገንዳው ሙቅ ስለሆነ ውኃው ስለሚተን ለሚመለሰው ቦታ አለ። የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይሄድም፤ ገንዳ አጠገብ አይበላም። ቅባት ለማስለቀቅ ትራይክሎሮኤቲሊን የሚጠቀም ቤት ነገ ሳይል ሊለውጠው ይችላል፤ እሱም ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው፣ በአልትራሳውንድ የታገዘ አልካላይን ማጠቢያ ደግሞ ለአብዛኛው ዕቃ ይበቃል።

ገንዳው የሚዘጋበት ቀን ሲመጣ የቀረው ፈሳሽ እንዲሁ አይደፋም። በመጀመሪያ አሲድነቱ በፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ መበርታቱን የሚያሳይ መለኪያ ነው) 2 እና 3 መካከል ተጠብቆ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጨመርበታል፤ ብርቱካናማ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ሲዞር ባለ ስድስቱ ባለ ሦስት ሆነ ማለት ነው። የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ስለሚያፍን ይህ ያለ መምጠጫ አይሠራም፤ ሳያናይድ ያለበት ፍሳሽም ከዚህ አሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝም፣ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ቀጥሎ ፒኤቹ ወደ 8 እና 9 ከፍ ሲል ክሮሚየሙ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ዝቃጩ ተጨምቆ ፈቃድ ላለው አስወጋጅ ይሰጣል። ቀለሙ አረንጓዴ ሆነ ብሎ ማመን ግን አይበቃም። ከፍሳሹ ጥቂት ተወስዶ ዳይፊኒልካርባዛይድ ይጨመርበታል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ካወጣ ባለ ስድስቱ ገና አለ፣ ሕክምናው ይደገማል። ገንዳው፣ የመምጠጫው ቧንቧና ከሥሩ ያለው ወለልም በዚሁ ይፈተሻሉ። በተለይ በዚያው ገንዳ ባለ ሦስቱን ለመጀመር የታሰበ ከሆነ፣ ከድሮው ፈሳሽ ጥቂት ቢቀር አዲሱን ያበላሸዋል።